የአንጎል ሞገድ ምርመራ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ ብዙው ነገር የሚወሰነው ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ነው

ከሦስት ቀን በፊት እየተንቀጠቀጡ ሆስፒታል የገቡ አንዲት እናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተዋል እንበል። መንቀጥቀጡ በመድኃኒት ቆሟል፤ በአፋቸው በገባው ቱቦ የመተንፈሻ ማሽኑ ይተነፍስላቸዋል፤ የልብ ምታቸውም የደም ግፊታቸውም ደህና ነው። ነገር ግን አልነቁም። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ነው ያስተኛት» እያለ ይጽናናል። ሐኪሙ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዟል፦ ከውጭ የቆመው መንቀጥቀጥ ከውስጥም ቆሟል ወይ? ይህን በዓይን በማየት፣ በእጅ በመዳሰስ ወይም ሲቲ ስካን በማንሳት መመለስ አይቻልም። የሚመልሰው የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ ነው።

የሐኪሙ ጥያቄ ያለምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የተሠራ ጥናት፣ የተራዘመ መንቀጥቀጣቸው በመድኃኒት የቆመላቸውን 164 ሕሙማን በኢኢጂ ሲከታተል፣ በ48 በመቶዎቹ አንጎል ውስጥ ሐኪሞች በተለምዶ «ሲዠር» የሚሉት የሚጥል ጥቃት እንደቀጠለ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኒውዮርክ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተከታታይ፣ ማለትም ሳይቋረጥ ለሰዓታት የሚመዘግብ፣ ኢኢጂ የተደረገላቸውን የ570 ሕሙማን መዝገብ መርምሮ በ110ዎቹ ላይ ሲዠር መኖሩን አሳየ፤ ከእነዚህም በ92 በመቶዎቹ ላይ ጥቃቱ ምንም ዓይነት የሚታይ መንቀጥቀጥ አልነበረውም። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ በኬንያ ኪሊፊ አንጎልን በሚያጠቃው ሴሬብራል ወባ ራሳቸውን በሳቱ ሕፃናት ላይ የተሠሩ ጥናቶች፣ የዓይን መርገብገብ ወይም የትንፋሽ መዛባት ብቻ የሚታይበት ጥቃት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያመልጥ አሳይተዋል። ዝም ብሎ የተኛ ሰው አንጎሉም ዐርፏል ማለት አይደለም።

ስለ ኢኢጂ በሚነሳው ውይይት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ማሽኑ ነው፦ ስንት ሆስፒታል አለው፣ ስንት ብር ያወጣል፣ ማን ይለግሳል። ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ የጽኑ ሕሙማን አልጋና የመተንፈሻ ማሽን ጉዳይ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኗል፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ኢኢጂ ከብዙዎቹ የሕክምና መሣሪያዎች የሚለይበት ነገር አለ። የምርመራው ዋጋ በአመዛኙ የሚወሰነው ማሽኑ ሳይበራ፣ በበሽተኛው ራስጌ በሚሠራው ዝግጅት ነው። ፀጉሩ እንዴት እንደጸዳ፣ ቆዳው እንዴት እንደተሸ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ የተመዘገበ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ምን እንደተነገረው፣ እነዚህ ሁሉ በስክሪኑ ላይ በሚታየው መስመር ውስጥ ይገባሉ። በደንብ ሳይዘጋጅ የተወሰደ ኢኢጂ ደግሞ ከጥቅም ውጭ ከመሆን አልፎ ጉዳት ያደርሳል። የማሽን ንዝረት ሲዠር መስሎ ከተነበበ፣ በሽተኛው የማያስፈልገው ከባድ ማስተኛ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ በመተንፈሻ ማሽን ላይ የሚቆይበት ቀን ይረዝማል። በተቃራኒው፣ በአቀማመጥ ስሕተት ሞገዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከታየ ተስፋ ያለው ሰው ተስፋ የሌለው ሊመስል ይችላል።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የምንለካውን ነገር መጠን ማወቅ ይበጃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 በዬና ከተማ የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ፣ ከዚያም ከአምስት ዓመት በኋላ ይፋ ሲያደርግ፣ ብዙ ባልደረቦቹ ማመን ቸግሯቸው ነበር። ምልክቱ በጣም ደካማ ነውና አይፈረድባቸውም። ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው የአንጎል ሞገድ በአብዛኛው ከ10 እስከ 100 ማይክሮ ቮልት ነው። የአንድ ተራ ባትሪ ድንጋይ ኃይል 1.5 ቮልት መሆኑን ስናስብ፣ 50 ማይክሮ ቮልት የዚያ አንድ ሠላሳ ሺህኛ ነው ማለት ነው። የልብ ምት ምልክት እንኳ ከዚህ ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በዚያው ክፍል ውስጥ 220 ቮልት የሚስቡ የመተንፈሻ ማሽን፣ የመድኃኒት ፓምፖች፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽና የልብ መከታተያ ተደርድረዋል። በመርካቶ ግርግር መካከል ቆሞ የሹክሹክታ ንግግር ለመስማት እንደመሞከር ነው። ጆሮን ወደ ተናጋሪው አፍ በጣም ማስጠጋት የግድ ይላል፤ የዝግጅቱ ሥራ ሁሉ ይህንኑ ማስጠጋት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከፀጉር ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ፀጉር ቀላል ጉዳይ አይደለም። ራሷን ለታመመች እናት ቅቤ መቀባት የቆየ የእንክብካቤ ልማድ ነው፤ ብዙዎችም ሹሩባ እንደተሠሩ ሆስፒታል ይገባሉ። ቅቤም ሆነ ሌላ የፀጉር ቅባት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በቆዳውና ሞገዱን ለመያዝ ራስ ላይ በሚለጠፈው ትንሽ ብረት፣ ኤሌክትሮድ በሚባለው፣ መካከል እንደ መጋረጃ ይቆማል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ፀጉሩ በሻምፖ መታጠብና መድረቅ፣ ከዚያ በኋላም ቅባት፣ ኮንዲሽነርም ሆነ ስፕሬይ እንዳይነካው ማድረግ ያስፈልጋል። ተመላላሽ ታካሚ ይህን በቤቱ አድርጎ ይመጣል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን የሚያጥበው ነርስ ወይም አስታማሚ ነው፤ በአፍ ቱቦ ያለበትን፣ ምናልባትም አንገቱ ላይ የደም ሥር መስመር የገባለትን ሰው ራስ ማጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ራሱንና ቱቦውን ይዞ፣ ሌላው በለብታ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ከግንባር ወደ ማጅራት እየጠረገ። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል ከተጠረጠረ ደግሞ ራሱን ማዞርም ሆነ ቀና ማድረግ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በዚያ ጊዜ የሚደረስበትን ያህል ብቻ መሥራትና ያልተደረሰበትን ቦታ በመዝገቡ ላይ መጻፍ ነው የሚሻለው።

ሹሩባን በተመለከተ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «ይፈታ» ወይም፣ ሲብስ፣ «ይላጭ» የሚል ነው። ለኢኢጂ ፀጉር መላጨት አያስፈልግም፤ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ የእናትን ፀጉር መላጨት ደግሞ የማይረሳ ቅያሜ ያተርፋል። ቁም ነገሩ ሹሩባው በየት በኩል እንዳለፈ ነው። ይህ ጥያቄ በአሜሪካም የጥቁሮችን ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር በሚመለከት ተነሥቶ፣ በፒትስበርግ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ መልስ ፈልገውለታል። ያደረጉት ነገር እናቶቻችን ወዲያው የሚገባቸው ነው፤ ፀጉሩን ኤሌክትሮዶቹ በሚቀመጡባቸው መስመሮች መካከል ቆዳው ወለል ብሎ እንዲታይ አድርገው ሠሩት፤ ከዚያም በጉንጉኖቹ መካከል ተይዞ የሚቆም ኤሌክትሮድ ነደፉለት። ልዩ ኤሌክትሮዱ ባይኖርም እንኳ ሐሳቡ ይጠቅማል። ሹሩባ የምትችል እህት ወይም ልጅ አስታማሚ ሆና ከተገኘች፣ ቴክኒሻኑ ነጥቦቹን አሳይቷት እሷ ፀጉሩን በዚያ መስመር ብትከፍለው፣ ለሃያ ደቂቃ ከፀጉር ጋር ከመታገል የበለጠ ውጤት ያስገኛል። ከዚህም በላይ በር ላይ ቆማ ከምታለቅስ እጇን ለእናቷ ታውላለች።

ፀጉሩ ከተከፈለ በኋላ ልኬት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 በተመራማሪው ኸርበርት ጃስፐር ስም የወጣውና እስከ ዛሬ ዓለም የሚሠራበት «10-20» የተባለው ሥርዓት ቀላል ሒሳብ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል አፍንጫ ከግንባር ከሚገናኝበት ጎድጓዳ ተነሥቶ፣ በራስ አናት አልፎ፣ ከማጅራት በላይ እስካለችው የራስ ቅል ጉብታ ድረስ በሜትር ይለካል። ርቀቱ 36 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከሁለቱም ጫፍ 10 በመቶው 3.6 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከሉ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ደግሞ 20 በመቶው፣ ማለትም 7.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከጆሮ ፊት ካለው ጎድጓዳ እስከ ሌላኛው ጆሮም እንዲሁ ይለካል። በዚህ አኳኋን 21 ነጥቦች ይገኛሉ፤ በግራ በኩል ያሉት ጎዶሎ ቁጥር፣ በቀኝ ያሉት ሙሉ ቁጥር ይይዛሉ። በዓይን ግምት ማስቀመጥ የሚፈጥነውን ያህል ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ሞገዱን የሚያነበው ግራና ቀኝን እያነጻጸረ ነው። የግራው ኤሌክትሮድ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፈቀቀ ያ ጎን የተጎዳ ሊመስል ይችላል። በጭንቅላት ቀዶ ጥገና ቁስል፣ በአንጎል ፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ወይም በእብጠት ምክንያት አንዱን ኤሌክትሮድ ከቦታው ማንቀሳቀስ ግድ ሲሆንም፣ በሌላው ጎን ያለው ጓደኛው በዚያው ልክ ይንቀሳቀሳል፤ የተነሣበትም ምክንያት ይጻፋል። አጥንቱ በቀዶ ጥገና የተነሣበት ቦታ ደግሞ ሞገዱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ አንባቢው ሐኪም ይህን ሳያውቅ ማንበብ የለበትም።

ከዚያ ቆዳው በቆዳ ማጽጃ ጄል በቀስታ ይታሻል፤ የሞተው የላይኛው ሽፋን እንዲነሣ ያህል እንጂ እንዲቆስል አይደለም። ጤነኛ ሰው ሲያመው ይናገራል፤ ኮማ ውስጥ ያለ ሰው ግን «በቃኝ» አይልም። በጽኑ ሕሙማን ላይ የምናየው ቆዳ ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ፣ የደም ዝውውሩ የደከመ፣ በቀላሉ የሚላጥ ነው፤ ስለዚህ የእጅ ልክ መማር የዚህ ሙያ ዋና ክፍል ነው። ኤሌክትሮዱ ፔስት በሚባል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ማጣበቂያ ከተለጠፈ በኋላ ማሽኑ በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለውን መቋቋም፣ ቴክኒሻኖች ኢምፒዳንስ የሚሉትን፣ ይለካል። ለተለመደው ምርመራ ከ5 ኪሎ ኦም በታች፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያንስ ከ10 ኪሎ ኦም በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ከቁጥሩ ማነስ ባልተናነሰ ደግሞ በሁሉም ኤሌክትሮዶች ላይ ተቀራራቢ መሆኑ ወሳኝ ነው። አንዱ 2 ሌላው 9 ከሆነ ማሽኑ የክፍሉን ረብሻ በእኩል ሰርዞ ማስወገድ ይሳነዋል።

እዚህ ላይ በጽሑፍ እምብዛም የማይነገር አንድ ስሕተት ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ፔስት ሲበዛና ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ጎረቤቱ ሲፈስ፣ ወይም የራሱ ቆዳ በላብ ወይም በውሃ ሲርስ፣ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች እንደ አንድ ይሆናሉ። ማሽኑ የሚያሳየው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሲጠፋ መስመሩ ይተኛል። ኢምፒዳንሱ ግን ዝቅ ያለና «የተዋጣለት» ሆኖ ይታያል። ልምድ የሌለው ሰው በቁጥሩ ተደስቶ ያልፋል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሐኪም ደግሞ የደከመ አንጎል ያያል። የልብ ምታቸው ቆሞ በተመለሰላቸው ሕሙማን ላይ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚታይ የተዳፈነ ሞገድ የማገገም ተስፋን ከሚቀንሱ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ ለጣት ያህል የፈሰሰ ፔስት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግልጽ ነው። እርግጥ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ውሳኔ በኢኢጂ ብቻ አይወስኑም፤ የዓይን ብሌን ምላሽን፣ የደም ምርመራንና ምስልን አጣምረው ቢያንስ ከ72 ሰዓት በኋላ ነው የሚመዝኑት። ይህ ጥንቃቄ ግን የፈሰሰውን ፔስት ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም።

ኤሌክትሮዶቹን ለማጣበቅ ኮሎዲየን የሚባል ሙጫ በብዙ ቦታ ያገለግላል፤ ለቀናት አጥብቆ ይይዛል። ሙጫውም ሆነ ማስለቀቂያው አሴቶን ግን በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ ኦክስጅን በሚፈስበት ክፍል ውስጥ ያለ በቂ አየርና ያለ ጥንቃቄ ሊከፈቱ አይገባም። ከአንድ በሽተኛ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮዶችም በየመካከሉ ታጥበው በፀረ ተሕዋስያን መጽዳት አለባቸው፤ ክፍት ቁስል ላለበት ራስ የሚጣሉ ቢሆኑ ይመረጣል። በሽተኛው በሚቀጥሉት ሰዓታት ወደ ኤምአርአይ የሚሄድ ከሆነም ተራ የብረት ኤሌክትሮድ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ ከመጀመሪያው ምን ዓይነት ኤሌክትሮድ እንደሚለጠፍ መነጋገር ሥራን ከመድገም ያድናል።

ቀጥሎ የክፍሉ ድምፅ አለ። በመተንፈሻ ማሽኑ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሲንቀጠቀጥ ሞገድ ይሠራል። አክታ እንዲላቀቅ ደረት የሚመታ ፊዚዮቴራፒስት በስክሪኑ ላይ ፍጹም ሲዠር የሚመስል ምት ይጽፋል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደግሞ እናት ልጇን አቅፋ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረገች «እሹሩሩ» ስትል፣ ያ የፍቅር ምት በመስመሩ ላይ እንደ ሕመም ይነበባል። እናትየዋን «አትንኪው» ማለት መልስ አይሆንም። መልሱ ካሜራው በሽተኛውንና በዙሪያው ያሉትን እንዲያሳይ ማድረግና፣ በአልጋው ዳር ያለው ሰው የተደረገውን በደቂቃው እንዲጽፍ ማስለመድ ነው፦ «ተገላበጠ»፣ «አክታ ተመጠጠ»፣ «እናት አቀፈችው»። የኤሌክትሪክ መስመሩን ረብሻ በተመለከተ፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ፣ የአሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ የመጣ ማሽን ማጣሪያው ካልተስተካከለ የማይገኝ ረብሻ ሲፈልግ ያለውን ያሳልፋል። ማጣሪያውን ከማብራት በፊት ግን የረብሻው ምንጭ መፈለግ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ኤሌክትሮድ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለውን ክፍተት የሚሸፍን ባትሪ ያለው ማሽን መምረጥም በግዢ ጊዜ የሚታሰብ ነገር ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ ለተመላላሽ ታካሚ የሚነገረው ምክር እዚህ አይሠራም። ጽኑ ሕሙማን ለኢኢጂ ተብሎ እንቅልፍ አይከለከሉም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒታቸውም ሆነ ማስተኛቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። የሚፈለገው ማወቅ ነው። ፕሮፖፎል የተባለው ማስተኛ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ሞገዱን እየቆራረጠ ጸጥ ያሰኘዋል፤ ሌላው ማስተኛ ሚዳዞላም ፈጣን ሞገድ ይጨምራል፤ ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች የጡንቻን ረብሻ ያጠፋሉ፤ ነገር ግን መንቀጥቀጥንም ከዓይን ይሰውራሉ። ሴፌፒም የተባለው አንቲባዮቲክ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ አንጎልን ሊመርዝና ለሲዠር የሚቀርብ ሞገድ ሊያመጣ ይችላል። የደም ስኳር፣ ሶዲየም፣ የሰውነት ሙቀት፣ የጉበትና የኩላሊት ሁኔታም እንዲሁ መልክ ይለውጣሉ። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ኤሌክትሮድ ከመለጠፉ በፊት የመድኃኒት ሰሌዳውን ማየት፣ ፓምፖቹ ላይ ያለውን መጠን መቅዳት፣ የስኳር ልኬቱ መቼ እንደተወሰደ መጠየቅ አለበት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሰዓት ጉዳይ በውጭ አገር መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ እኛ ግን ልንጽፈው ይገባል። ነርሷ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ሚዳዞላም ተሰጠ» ብላ ስትመዘግብ፣ በማሽኑ ሰዓት 02፡10 ነው። ሞገዱን በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ሆኖ የሚያነብ ሐኪም 08፡10 ብሎ ከተረዳው፣ መድኃኒቱና ሞገዱ በስድስት ሰዓት ይተላለፋሉ፤ መድኃኒቱ የሠራው ለውጥ በራሱ የመጣ ይመስላል። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ቁጥሩ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደሚቆጥር ማሽን ቢገባ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱ ልጅ የ15 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። የልጆች ጤናማ ሞገድ ከዕድሜ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ለዕድሜው ተገቢ የሆነው ነገር ሕመም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት በማሽኑ አቆጣጠር ሰቅሎ ሁሉም ከእሱ እንዲጽፍ መስማማት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ቤተሰብን ማዘጋጀት ከፀጉር ዝግጅት ያላነሰ ሥራ ነው። ሃያ አንድ ሽቦ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈራል። «ሲስተር፣ እናቴን ኮረንቲ ልታደርጓት ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ያልተሰማበት ክፍል ያለ አይመስለኝም። መልሱ አጭርና እውነተኛ ሊሆን ይችላል፦ «አይደለም ወንድሜ፤ ማሽኑ ወደ እናታችን የሚልከው ነገር የለም፤ የእሳቸውን አንጎል ያዳምጣል እንጂ።» ማሽኑ ሐሳብ እንደማያነብ፣ ካሜራ ካለም ለምን እንደተተከለና ማን እንደሚያየው፣ ውጤቱም በዚያው ቀን የመጨረሻ ፍርድ እንደማይሰጥ አብሮ መነገር አለበት። ጸበል ሊረጩ ወይም ቅባ ቅዱስ ሊቀቡ የሚመጡ ዘመዶችም ይኖራሉ። መከልከል ክብርን ይነካል፤ ዝም ማለት ደግሞ ኤሌክትሮዶቹን ያርሳል። ከምርመራው በፊት ወይም በኋላ እንዲሆን፣ ወይም እጅና ደረት ላይ እንዲደረግ በትሕትና ቢነገር የሚያስቀይም አይመስለኝም። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ስለ አያቱ አንጎል እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለውጤቱም አይበጅም።

ቤተሰቡ በምርመራው ውስጥ የራሱ ድርሻም አለው። የአንጎልን ምላሽ ለመፈተን ቴክኒሻኑ በሽተኛውን በስሙ ይጠራል፣ ያጨበጭባል፣ የጣት ጥፍርን ይጫናል፤ ሞገዱ ይለወጥ እንደሆነም ያያል። አማርኛ ብቻ የሚያውቁትን እናት በባዕድ አነጋገር ስማቸውን አጣምሞ ከመጥራት፣ ልጃቸው በጆሯቸው «እማዬ» ብሎ እንዲጠራቸው ማድረግ ሳይሻል አይቀርም። የተጠሩበት ደቂቃ ግን ይጻፋል፤ ያልተጻፈ ፈተና እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ምርመራው ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለው ዛሬም የሚያከራክር ነው፤ አቅም ለሌለው ሆስፒታል ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የአሜሪካ ክሊኒካል ኒውሮፊዚዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መግለጫ ሲዠር ለተጠረጠረባቸው ጽኑ ሕሙማን ቢያንስ 24 ሰዓት ይመክራል። ከላይ የጠቀስነው የኒውዮርክ ጥናትም ይህን ይደግፋል፤ ሲዠር ከታየባቸው ሕሙማን በ88 በመቶዎቹ ላይ የመጀመሪያው የታየው በ24 ሰዓት ውስጥ ነበር፤ ኮማ ውስጥ ላሉት ግን ከዚያ በላይ መጠበቅ አስፈልጓል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት፣ በቅርቡ ሲዠር ያልታየባቸውን 364 ጽኑ ሕሙማን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ከ30 እስከ 48 ሰዓት የሚደርስ ተከታታይ ኢኢጂ፣ ለግማሾቹ ሁለት ጊዜ የሃያ ደቂቃ ኢኢጂ አደረገላቸው። ተከታታዩ ብዙ ሲዠር አገኘ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን በሁለቱ ወገኖች የሞት መጠን ልዩነት አልታየም፤ ሁለቱም 49 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ ረጅም ምርመራ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ መንቀጥቀጡ ገና የቆመለት ሰው፣ እንደ ምሳሌያችን እናት፣ በዚህ ጥናት ውስጥ አይካተትም። ነገር ግን አንድ ማሽንና አንድ ቴክኒሻን ብቻ ላለው ክፍል ተጨባጭ አማራጭ ይሰጣል፦ ለሁሉም ሃያ አራት ሰዓት ማድረግ ባይቻል፣ ለአብዛኞቹ በደንብ የተዘጋጀ ሃያ ደቂቃ፣ በማግሥቱም እንደገና። በእኔ ግምት እንዲህ ያለው ክፍል ሁለተኛ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነርሶችን ልኬትና አለጣጠፍ ቢያሠለጥን ይሻለዋል፤ ሲዠር የሥራ ሰዓት አይጠብቅም፤ ቴክኒሻኑ ግን ማታ ቤቱ ይገባል።

ምርመራው ለቀናት የሚቀጥል ከሆነ በየዕለቱ አንድ ጊዜ ኤሌክትሮዶቹ ሥር ያለው ቆዳ መታየት አለበት፤ በተለይ በሽተኛው የሚተኛባቸው የኋለኞቹ ሁለቱ። መቅላት ከታየ ቦታው ትንሽ ይቀየራል፤ የግራው ሲቀየር የቀኙም ይቀየራል። ሲያበቃ ፔስቱ በለብታ ውሃ ይለሰልሳል፤ አይፋቅም፣ አይጎተትም። ኤሌክትሮዶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ሃያ አንድ ከተለጠፈ ሃያ አንድ ይነሣል። ቆዳው የተላጠበት ወይም የቆሰለበት ቦታ ካለ በመዝገቡ ላይ ይሠፍራል፤ ለቤተሰቡም ይነገራል። ከዚያ ፀጉሩ ይታጠባል፤ ልጃቸው እንደገና ልትሠራቸው ከፈለገችም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ትችላለች፤ ቅቤውም እንዲሁ፣ የቀዶ ጥገና ቁስል ከሌለ።